ጥላችሁ እንዳያርፍባት

ቢራቢሮ በእግሯ እንደምትቀምስ የነገረችኝ አክስቴ ናት። መጀመሪያ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ስትቀልድም ስታመርርም ፊቷ አይለወጥም፤ ቀልድ መሆኑን የምናውቀው ከሳቅን በኋላ ነው።

«ሐብሐብ የሚገዛ ሰው አይተሽ አታውቂም?» አለችኝ። «አንስቶ፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ ኳ ኳ ያደርገው የለ? እሷም እንደዚያ ናት። ቅጠሉ ላይ ታርፍና በፊት እግሮቿ ትመታዋለች። ልጆቼ ይህን ቢበሉ ያድጋሉ ወይስ ይሞታሉ፣ የሚለውን በእግሯ ነው የምትሰማው።»

ከዚያ ይዛኝ ሄዳ አሳየችኝ። እውነቷን ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ቢራቢሮ ማለት ነፋስ የወሰዳት ቀለም፣ የት እንደምትሄድ የማታውቅ ነገር ትመስለኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ዙረት ቤት ፍለጋ ነው። ይህን ቅጠል ነካ፣ ያንን ነካ፣ «አይ፣ ይህ አይሆንም» ብላ ሄደች፤ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ነካችው። እንቁላሏን ጥላ ለዘላለም የምትሄድ እናት፣ ልጆቿን ለማን ጥላ እንደምትሄድ እየመረጠች ነበር። እግሬ ደንዝዞ እስኪያመኝ ድረስ ቆሜ አየኋት።

አክስቴ የምትሠራው በሕዝብ መናፈሻው ጀርባ ባለው የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። በሁለቱ በሮች መካከል ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል፤ የሚወጣ ሰው ሁሉ ጀርባውን ዞሮ ያያል፣ ቢራቢሮ ተለጥፋበት እንዳትወጣ። ውስጡ ይሞቃል፤ አየሩ ሰው ጉንጭ ላይ የተነፈሰበት ያህል እርጥብ ነው። አክስቴ ጠዋት ገብታ መጀመሪያ የምትሠራው መጥረግ ነው። የምትጠርገው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ያረጁት ጥለዋቸው የሄዱትን ክንፎች ጭምር ነው። ከዚያ የበሰበሰ ሙዝና ብርቱካን ቆራርጣ በሳህን ታስቀምጥላቸዋለች። ከዚያ ቅጠሎቹን እየገለበጠች እንቁላል ትፈልጋለች፤ ያገኘችውን ከነቅጠሉ ቆርጣ ሠራተኞቹ «የሕፃናት ክፍል» ወደሚሏት ጠባብ ክፍል ትወስዳለች። ስለዚህ መናፈሻው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከዘበኛው እስከ አለቃው ሁሉም አዋላጇ ይሏታል።

ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች። ወጣትነቷ ያለቀው በአንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ የአልጋ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ ስትቀመቅም ነው። ዓይኗ ክርን ከመርፌ ማገናኘት ሲያቅተው ወደ መናፈሻው መጥታ አረም አራሚ ሆነች። አንድ ቀን ገና ከሙሽራዋ፣ ተጠቅልላ ከምታድግበት ቅርፊት፣ የወጣች ቢራቢሮ መንገድ ላይ ወድቃ አገኘች፤ ክንፏ እርጥብ ነበር። በጣቷ ጫፍ አንስታ ቅርንጫፍ ላይ ስታንጠለጥላት አለቃው አዩዋት። «ይህች እጅ አረም ላይ ምን ትሠራለች?» ብለው ወደ መስታወቱ ቤት አስገቧት። አለቃው ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ አጉሊ መነጽር የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። ስለ ነፍሳት የሚያውቁትን ሁሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እሷም ትሰማቸዋለች፣ ትከራከራቸዋለችም።

በዚያ ቤት ውስጥ አንድ የእሷ ሕግ ነበር። እንስቷ ቅጠል መምታት ስትጀምር አክስቴ እጇን ከፍ ታደርጋለች፤ ጎብኚው ሁሉ ባለበት ይቆማል።

«ጥላችሁ እንዳያርፍባት!» ትላለች በሹክሹክታ። ከላይ የሚመጣ ጥላ ለቢራቢሮዋ ወፍ ነው፤ ደንግጣ ትሄዳለች። አንዴ አንድ ወፍራም ሰውዬ ካሜራውን ደግኖ ሲጠጋ፣ አክስቴ መዳፏን ሆዱ ላይ አድርጋ እንደ በር ወደ ኋላ ገፋችው።

«እትዬ፣ ምን አደረግሁ?» አላት።

«እርስዎ ምንም አላደረጉም፤ ጥላዎ ነው እንጂ። ትንሽ ወፍሯል።»

ሰውዬው እየሳቀ እስከ በሩ ድረስ አፈገፈገ።

አክስቴ አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያለቻት። ሁላችንም ድምቡሼ እንላታለን፤ ዛሬ ቀጭን ረጅም ሴት ናት፣ ስሙ ግን ከሕፃንነት ጉንጮቿ ተርፎ ቀረ። እኔ የእህቷ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አክስቴ ቤት ስመጣ፣ ድምቡሼ አግብታ ወጥታ ነበርና የእሷን ክፍል ወረስኩ። ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ከማያድርበት ያንሳል። የሚኖሩት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ባለ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ድምቡሼ ስታረግዝ በዚያ ደረጃ ላይ ሆዷን ይዛ ብቻዋን እንደማትከርም ለሁሉም ግልጽ ነበር። ምጡን የምትጠብቀውና አራስነቷን የምታሳልፈው ወይ እናቷ ጋ ነው፣ ወይ የባሏ እናት ጋ።

አክስቴ ለዚህ ጥያቄ ሁለተኛ መልስ ያለው አልመሰላትም። «እናቷ ቤት ነዋ! ሌላ የት?» ትላለች፤ ግን ይህን የምትለው ለእኔ ነው። ለልጇ አንድም ቀን «ነይ» አላለቻትም። ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። ድምቡሼ ስትወለድ የፋብሪካው ማሽን አይጠብቅም ነበር፤ አክስቴ ጡቷ ወተት እያንጠባጠበ ተመልሳ ገባች፣ ልጅቱ ጎረቤት እጅ ላይ አደገች። «የመጀመሪያ እርምጃዋን ያየችው የጎረቤቴ ድመት ናት፣ እኔ አይደለሁም» ትላለች። ይህንንም ፊቷ ሳይለወጥ ነው የምትለው፤ ይህ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ መጥራት ያቃታት እናት ማዘጋጀት ጀመረች። መጀመሪያ እኔን ሳሎን ወዳለው ሶፋ አዛወረችኝ። «አንቺ ተማሪ ነሽ፣ የትም ትተኛለሽ» አለችኝ። ቀጥሎ የሕፃን አልጋ መጣ። ቀጥሎ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ፣ ቀጥሎ ቁምሳጥን፤ ቁምሳጥኑን የሚችል ሌላ ግድግዳ ስላልተገኘ መስኮቱ ላይ ተደገፈ። የድምቡሼ አልጋ ወደ ማዕዘን ተገፋ። ማታ ማታ የድሮ የስፌት መኪናዋን አውጥታ፣ ክሩን እኔ በመርፌው እየሰካሁላት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ብርድ ልብስ ትሰፋለች። ወንድ ይሁን ሴት ስለማይታወቅ ሁሉንም በቢጫ ክር ትጠልፈዋለች። አልጋው ሲሞላ ወንበሩ ላይ ደረደረችው፤ ወንበሩ ሲሞላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«አክስቴ፣ መንታ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ያንን ሚስማር አቀብዪኝ።»

በዚያው ሰሞን የመስታወቱ ቤት ውስጥም ሌላ ወሊድ ይጠበቅ ነበር። አለቃው አዲስ ዝርያ አምጥተው ነበር፤ ክንፋቸው ረጅም፣ ጥቁር ላይ ቀይና ቢጫ መስመር ያለው። እነዚህ እንስቶች ከፓሽን ፍሩት ሐረግ በቀር ሌላ ላይ አይወልዱም። ሐረጉ በበሩ አጠገብ በሽቦ ላይ ወጥቷል፤ ጫፉ ለጋ ነው፣ ያማረ ነው። እንስቶቹ ይመጣሉ፣ ያንዣብባሉ፣ ይሄዳሉ።

«ገና ቦታውን እየለመዱት ነው፤ ታገሺ» አሏት አለቃው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃርቦ ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ ሕፃናቱ በአውቶብስ ይመጣሉ። አክስቴ ለሕፃናቱ እንቁላልና አባጨጓሬ ሳታሳይ መቅረትን እንደ ውርደት ነው የምትቆጥረው። መታገስ ለእሷ ሥራ መፍታት ነው። ምን እንዳደረገች ያኔ ለማንም አልተናገረችም።

ድምቡሼና ባሏ የመጡት በዚህ መሐል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። አክስቴ ገና ሻይ ሳይቀርብ እጇን ይዛ ወደ ክፍሉ ወሰደቻት፤ በሩን ከፍታም እንደ መጋረጃ ፈቀቅ አለች።

ድምቡሼ ደፉ ላይ ቆመች። ትከሻዋ ላይ ትልቅ ቦርሳ ነበር። አልጋውን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ወለሉን አየች።

«እማ፣ ይህን የት ላድርገው?»

«ስጪኝ፣ እኔ አስቀምጥልሻለሁ!» ብላ አክስቴ ቦርሳውን ነጠቀቻትና ወደ ወጥ ቤት ይዛው ሄደች።

ድምቡሼ ባዶ እጇን ቀረች። አንድ እርምጃ ገባች፤ የሕፃኑን አልጋ በጎኗ ነካችው፣ ተንቀጠቀጠ። «መስኮቱስ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ልጅ ሆና ተጋድማ ወደ ውጭ የምታይበት መስኮት ነው።

«ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነው» አልኳት።

ባሏ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየና ሳቀ። «እማማ፣ ይህ ልጅ ሲወለድ አንኳኩቶ ነው የሚገባው! ቦታ ካለ ማለት ነው።»

አክስቴ ከወጥ ቤት ሆና ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ድምቡሼ ፈገግ አለች፤ ግን አልተቀመጠችም። ሻይዋን እንኳ ሳሎን ቆማ ነው የጠጣችው። ሊሄዱ ሲሉ፣ ቦርሳዋን መልሳ ትከሻዋ ላይ እያደረገች፣

«እማ» አለች፣ «የእሱ እናት ጋ ብሆን ሳይሻል አይቀርም። ግቢው ሰፋ ይላል…»

«ይሁን፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቴ። «ዋናው ጤናሽ ነው።»

እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ተመልሳ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመረች። ብዙ ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«ምን አጎደልኩባት?» አለችኝ።

እኔም አሰብኩ። የጎደለ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

በማግስቱ ምሳዋን ረስታ ሄደች። አክስቴ ምሳዋን የምትረሳ ሰው አይደለችም፤ ስለዚህ ከክፍል ስወጣ ይዤላት ሄድኩ። ሁለተኛውን በር ገፍቼ ስገባ አለቃው ሐረጉ አጠገብ ተንበርክከው ነበር፤ አጉሊ መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነው።

«እትዬ! ነይ፣ ነይ! ወለዱ! ይኸው ቢጫ እንቁላል፣ ይኸው ሌላ…»

አክስቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች፤ ግን እንደ ሰማ ሰው አልሮጠችም። አለቃው ይበልጥ ተጠጉ። ፊታቸው ተኮማተረ።

«ይህ እንቁላል… ቋጠሮ አለው እንዴ?»

አክስቴ ወለሉን መጥረግ ጀመረች።

«እትዬ፣ ይህ ክር ነው።»

«ክር ነው» አለች። «በሙጫ የተለጠፈ።»

«ለምን?»

«እንዲደፍሩ ነዋ! ሰው የተሰለፈበትን ሱቅ አይተን አይደል እኛ የምንገባው? ባዶውን ሱቅ ማን ይደፍራል? እነሱም ሌላዋ ወልዳበታለች፣ ደህና ቦታ ነው ብለው ያምናሉ ብዬ…»

አለቃው ሽቦውን ተደግፈው ሳቁ። መነጽራቸው ደረታቸው ላይ እስኪዘል ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገው እንደገና ቅጠሉን አዩና «ሥራው ግን ግሩም ነው፤ እኔን እንኳ አታለለኝ» አሉ። «እነሱንም ነው ያታለልሻቸው፤ ነገሩ ተገለበጠብሽ እንጂ።»

«እንዴት?»

«እነዚህ እንቁላል ያዩበት ቦታ ላይ አይወልዱም። ቀድሞ የተፈለፈለው አባጨጓሬ ኋላ የመጣውን ይበላዋል። ስለዚህ እናትየዋ ቅጠሉ ጥሩ መሆኑን ብቻ አይደለም የምታየው። ባዶ መሆኑንም ታያለች። ቢጫ ነጥብ ካየች ‹ተይዟል› ብላ ትሄዳለች። ከሐረጎቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም ራሳቸው ቅጠላቸው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣሉ፤ እንቁላል መስሏት ትታቸው እንድትሄድ። አንቺ ለዚህኛው ሐረግ እሱ የሌለውን ጥልፍ ሠራሽለት!»

እኔ ምሳውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ዓይን የሌለው ሐረግ፣ ዓይን ላላት ቢራቢሮ፣ የሐሰት እንቁላል በገላው ላይ ይሥላል! ይህን ለማን ልንገር ብዬ ወደ አክስቴ ዞርኩ። አክስቴ ግን ሐረጉን አታይም ነበር።

«ስለዚህ የምትሄደው ጎድሎባት አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ሞልቶባት ነው።»

«ሞልቶባት ነው» አሉ አለቃው።

አክስቴ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከቀሚሷ አንገት ላይ፣ ከልብስ ሰፊነቷ ዘመን ጀምሮ ሰክታው የምትዞረውን መርፌ አወጣች። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ፣ ቅጠሉን ሳትወጋ፣ ነቀለቻቸው። ሙጫውን በእርጥብ ጥጥ ጠረገችው። ምሳዋን ስሰጣት ተቀብላ ሳትከፍተው ጭኗ ላይ አድርጋው ተቀመጠች።

በሳምንቱ መጨረሻ ጠዋት፣ ጎብኚ ሳይገባ፣ ከእሷ ጋር ነበርኩ። አንደኛው ክንፏ ጫፉ ላይ የተተለተለ፣ አክስቴ «ቅድዷ» የምትላት እንስት መጣች። ሐረጉን ዞረችው። ለጋው ጫፍ ላይ አረፈች። እግሮቿ ቅጠሉን ሲመቱ ድምፅ የለውም፤ እኔ ግን የሰማሁት መሰለኝ። የአክስቴ እጅ አየር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቅድዷ ሆዷን አጠፈች፣ ነካ አደረገች፣ ተነሥታ ሄደች። ቅጠሉ ጫፍ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ ቀረች፤ ማንም ያልሰፋት።

«አንድ ብቻ?» አልኩ።

«አንድ ይበቃታል» አለች አክስቴ።

ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ክፍሉ ገባች። የግድግዳውን አወረደች። የወንበሩን አነሣች። የሕፃኑ አልጋ ተፈታትቶ ከእኔ ሶፋ ኋላ ተቀመጠ፤ ሹራቦቹ በሻንጣ ሆነው ከሶፋው ሥር ገቡ። ቁምሳጥኑን ሁለታችን ገፋነው፤ አክስቴ በጀርባዋ፣ እኔ በትከሻዬ፣ እየተሳሳቅን፣ እየተራገምን፣ ኮሪደሩ ድረስ። ብርሃን ገባ። የድምቡሼን አልጋ ወደ መስኮቱ መለስነው። የቀረው አልጋው፣ ወንበሩ፣ አንዲት ባዶ መደርደሪያና ግድግዳው ላይ የተረሳ ሚስማር ነበር።

«አንዷን ሹራብ እንኳ ትራሱ ላይ ላድርጋት?» አልኳት። አሳዝናኝ ነው።

«አንዷንም።»

ሚስማሩን ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ግን «እሱን ተይው» አለችኝ።

ድምቡሼ ስትደውል አክስቴ ስለ ክፍሉ ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ክሩ እንቁላል ነገረቻት። ስልኩ ከጆሮዋ ራቅ እስኪል ድምቡሼ ስትስቅ ለእኔም ተሰማኝ። «እማ፣ በጥልፍ አታለልሻቸው?» ትላለች። አክስቴም ሳቀች፤ «አለቃው ቋጠሮ አለው እንዴ ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!» አለቻት። ሳቁ ሲበርድ፣ «ወገብሽ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» «ደረጃውን ቀስ ብለሽ።» «እሺ እማ።» በቃ፣ ይኸው ነበር። ስልኩ ሲዘጋ አክስቴ ለረጅም ጊዜ መዳፏ ላይ ይዛው ተቀመጠች፤ አንዲት ቃል አምልጣት ከሆነ ልትይዛት እንደምትፈልግ።

ጊዜው እየገፋ ሄደ። የባሏ እናት ግቢ ውስጥ ክፍል ተቀብቷል መባሉን ሰማን። አክስቴ ሰማች፣ «ደግ ሴት ናት» አለች፣ ወደ ሥራዋ ሄደች። እውነትም ደግ ሴት ናት።

አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ድምቡሼ ናት፤ ብቻዋን። የምትታይበት ክሊኒክ ለእኛ ቤት ይቀርባል፤ እግሯ አብጦ፣ ፀሐይ መትቷት፣ ላብ በላብ ሆና ነበር።

«ትንሽ ልረፍና እሄዳለሁ» አለች።

«ረፊ» አለች አክስቴ። እጇን አልያዘቻትም። አልመራቻትም። ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ጣደች።

ድምቡሼ ኮሪደሩን አለፈች፤ ቁምሳጥኑን ሆዷ ነካ አድርጎት አለፈ፤ የክፍሉን በር ከፈተች። ከዚያ ፀጥ አለ። እኔ መታገስ አልቻልኩም፤ በጣቶቼ ጫፍ ሄጄ ልሰልል ስል አክስቴ ከኋላዬ ደረሰች። እጇን ከፍ አደረገች። ያቺው እጅ። ከወጥ ቤቱ መስኮት የሚመጣው ብርሃን ከጀርባችን ስለነበር ጥላዬ በኮሪደሩ ወለል ላይ ተዘርግቶ ደፉን ሊረግጥ ተቃርቧል። አክስቴ ልብሴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ፣ ወደ ግድግዳው።

ካለሁበት የሚታየኝ በሩ ስንጥቅ ያህል ብቻ ነበር። ድምቡሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች። ባዶ እግሮቿን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ ታንሸራትታቸዋለች፤ አንዴ ጣቶቿን፣ አንዴ ተረከዟን። ወደ መስኮቱ አየች። ቆይታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ተነሥታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማን።

«እማ?»

«ወዬ!» አለች አክስቴ፤ ከግድግዳው ሳትላቀቅ።

«ይህቺ መደርደሪያ ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት፣ የኔ ልጅ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማን።

«እንግዲያው ልብሶቼን ነገ ያምጣልኝ። አማቴን እኔ እነግራታለሁ፤ አትቀየመኝም።»

አክስቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ልትገባ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅሁላት። አልገባችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የዘረጋቻቸውን እግሮቿን አየች፣ ጥላቸው ወደ በሩ መሄዱን አየች፣ ወደ ራሷ ሰበሰበቻቸው።

«እሺ» አለች። ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው ይፈላ ነበር፤ ማንኛችንም አልተነሣንም።